ብሌኗ ጠበበች ማለት ፍቅሯ ቀነሰ ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ግራ ቢገባው ጉዳዩን አጫወተን። ጓደኞቹ “ሴት ልጅ ከወደደችህ ብሌኗ ይሰፋል” ብለውታል። ቅዳሜ ማታ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ባለበት ጭፈራ ቤት ፍቅረኛውን ዓይን ዓይኗን ቢያያት ብሌኗ ሰፋ ብላለች። ደስ አለው። በማግስቱ ግን ሰማያዊ መብራት በደመቀበት ካፌ ሲያያት ብሌኗ ነጥብ አክላለች። “ሌላ ይዛ ነው!” ብሎ የሁለት ዓመት ፍቅሩን ሊያፈርስ ቆርጦ ተነስቷል።

ወንድማችን፣ እስቲ ረጋ በል! ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የአምፖሉ ነው።

ብሌን በዓይናችን መሀል የምትታየዋ ጥቁር ቀዳዳ ናት። ደማቅ ብርሃን ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ትጠባለች፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ በወጣቶች ዓይን እስከ 8 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው የቀለሙ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም በሬቲና ላይ፣ ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር የያዙ ልዩ ሴሎች ራሳቸው ብርሃን እንደሚቀበሉ አሳዩ። ዋና ሥራቸው የብርሃኑን መጠን ለአንጎል መንገር ነው። ታዲያ እነዚህ ሴሎች ከሁሉም በላይ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ብርሃን ብሌንን ክፉኛ ያጠባታል፤ ብርሃኑ ደማቅ ከነበረ ከጠፋ በኋላም ቶሎ አትከፈትም። ቀይ ሲሆን ግን መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው ትሰፋለች። የዓይን ሐኪሞችም የሬቲናን ጤንነት ለመመርመር በዚሁ ልዩነት ይጠቀማሉ።

ጓደኞችህ ጨርሰው ዋሹ አንልም። የቺካጎው ተመራማሪ ኤክሃርድ ሄስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት ሰው ደስ የሚለውን ነገር ሲያይ ብሌኑ እንደሚሰፋ ጽፏል። ነገር ግን ብሌን በፍርሃትም፣ ከባድ ሂሳብ በማሰብም ትሰፋለች። እናም ያቺ የሰፋች ብሌን “እወድሃለሁ” ብቻ ሳይሆን “የዛሬው ቢል ስንት ይመጣ ይሆን?” እያለችም ሊሆን ይችላል! ያም ሆኖ ስሜት የሚያመጣው ለውጥ ከብርሃኑ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው።

እንግዲህ አምፖል በተቀየረ ቁጥር የምትለዋወጥ ምስክር ይዘህ ፍርድ አትስጥ። ፍቅሯን ማወቅ ከፈለግህ ቁጭ ብለህ ጠይቃት፤ የቸገረህ ቀን ከጎንህ ማን እንደነበረም አስታውስ።

ቸር ይግጠማችሁ!