አረንጓዴ ሻይና የሰውነት ክብደት

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በተዘረጋው የየካ ክፍለ ከተማ፣ በሱቆች መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ሻይ ከጥቁሩ ጎን መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ብዙ ሸማቾች የሚገዙት ለጣዕሙ ሳይሆን «ውፍረት ይቀንሳል» ስለሚባል ነው፤ ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ ወደ ጤና ባለሙያው ይመጣል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 8 በመቶ ደርሰዋል። በአዲስ አበባ ያለው መጠን ከዚህ በእጅጉ ይልቃል።

አረንጓዴ ሻይ በውሽውሽና በጉማሮ ከሚለማው የሻይ ተክል የተለየ ዝርያ አይደለም። ቅጠሉ እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ስለሚሞቅ ካቴኪን የተባሉት ውሕዶች በአብዛኛው ሳይለወጡ ይቆያሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ኤፒጋሎካቴኪን ጋሌት ኖርአድሬናሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንደሚገታ ይታሰባል፤ ካፌይኑ በበኩሉ በሕዋስ ውስጥ ያለው ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ቶሎ እንዳይፈርስ ያግዛል። በዚህም የሲምፓቴቲክ ነርቮች ተጽዕኖ ረዘም ይላል፤ ሰውነትም ጥቂት ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል።

ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በ10 ጤነኛ ወንዶች ላይ የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ያሳያል። የሻዩን ጭማቂ የወሰዱት በ24 ሰዓት ውስጥ የተጠቀሙት ኃይል በ4 በመቶ፣ ማለትም በ78 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጨምሯል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይህን ያህሉን ይመልሳል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንጻሩ ከየካ ወደ እንጦጦ ዳገት 200 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ የጡንቻ ብቃት አንድ አራተኛ ነው ተብሎ ሲሰላ፣ ሰውነቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 130 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኮክሬን ግምገማም ከጃፓን ውጭ በተደረጉ ጥናቶች የታየው የክብደት ቅናሽ ከዜሮ የማይለይ መሆኑን አረጋግጧል።

የተፈላው ሻይ ታዲያ ባይጠቅምም ብዙ አይጎዳም። አሳሳቢው በካፕሱል የሚሸጠው የተከማቸ ጭማቂ ነው። ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረው «ኤግዞሊዝ» የጉበት ጉዳት በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በፈረንሳይና በስፔን ከገበያ ተነሥቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ግምገማ፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኤፒጋሎካቴኪን ጋሌት በካፕሱል መልክ መውሰድ ከጉበት ኢንዛይሞች መጨመር ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለሚጨምር፣ በጾም ወራት «ቶሎ ይሥራ» ብሎ ጠዋት መዋጥ አደጋውን ያብሳል።

አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከመወቀሱ አስቀድሞ ወይም ከዚያው ጋር፣ የሚወስደው ካፕሱል ስለመኖሩ መጠየቅ አለበት። «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ጥያቄ በቂ አይደለም፤ ታካሚው ሻይን መድኃኒት ብሎ አይቆጥርምና። ካፕሱሉን ስሙን ጠርቶ መጠየቅ፣ ከተቻለም ማሸጊያውን አስመጥቶ ማየት ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ብረት ነው። ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ ሻይ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ከእንጦጦ ደን የባሕር ዛፍ ማገዶ ተሸክማ ለምትወርድ ሴት ውፍረት መቀነስ ጥያቄ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሻይዋን ከእንጀራውና ከብረት እንክብሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ እንድትጠጣ ሊነገራት ይገባል።