ሴክ18፦ የተገመደውን የሚፈታው የእርሾ ጂን

ሴክ18 በዳቦ እርሾ ሁለተኛ ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ጂን ነው። የሚሠራው ፕሮቲን የ758 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሲሆን፣ ስድስት ስድስት ሆኖ እየተያያዘ ቀለበት ይፈጥራል። በህዋስ ውስጥ ፕሮቲን ጭነው ከክፍል ወደ ክፍል የሚመላለሱት ጥቃቅን ከረጢቶች ያለ እሱ ጭነታቸውን ማራገፍ አይችሉም። ጂኑ ከነአካቴው ከጠፋ እርሾው ይሞታል።

የሞተ ህዋስ ደግሞ ለምርመራ አይመችም። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ራንዲ ሼክማንና ተማሪው ፒተር ኖቪክ ለዚህ ችግር መላ ያገኙት በሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደኅና የሚያድጉ፣ በ37 ዲግሪ ግን ፕሮቲን ማስወጣት የሚያቆሙ እርሾዎችን ፈለጉ። መውጣት የነበረበት ነገር ውስጥ ሲታጎር ህዋሱ ጥቅጥቅ ስለሚል፣ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ከጤነኞቹ በታች ይዘቅጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ዘዴ የተለዩ 23 ጂኖችን ይዟል፤ ሴክ18 አንዱ ነው። በላቲን ፊደል ጤነኛው ጂን በትልልቅ፣ የተበላሸው በትንንሽ ሆሄ ይለያል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ «የተበላሸው» የሚለውን ቃል በየቦታው መድገም ግድ ነው።

በቤተ ሙከራ የዕለት ተዕለት ሥራ የተበላሸው ሴክ18 የሚታወቀው ፕሮቲኖችን በክብደት በሚለይ ጄል ላይ በሚወጣ አንድ መስመር ነው። ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ዋይ የተባለው ኢንዛይም ቫኪዩል ወደተባለው የህዋሱ ክፍል ሲጓዝ ክብደቱ በየደረጃው ይለዋወጣል፤ በመነሻው ክፍል በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም 67 ኪሎዳልተን፣ በመካከለኛው በጎልጂ 69፣ ቫኪዩል ደርሶ ሲቆረጥ 61 ይሆናል። እርሾው 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ አዲስ የሚሠራው ኢንዛይም ግን 67 ላይ ቆሞ ይቀራል። እገዳው በደቂቃዎች ውስጥ መያዙ የዚህ የተበላሸ ጂን ትልቁ ዋጋ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ የሚታይ ጉድለት የሌላ ችግር ውጤት ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄም ይጠይቃል። በ67 እና በ69 መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ጄሉ ያለጊዜው ከቆመ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይመስላሉ። እርሾው የሚያድግበት ሳህን ሞቃት ቦታ ከሰነበተ ደግሞ ሙቀቱን መቋቋም የቻለ አንድ ህዋስ ተራብቶ ሌሎቹን ይተካል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ጥቂቱን በ37 ዲግሪ ዘርቶ አለማደጉን ማየት፣ ቢያሰለችም፣ አይዘለልም።

በሌላ በኩል የጄምስ ሮትማን ቡድን ከእንስሳት ህዋሳት ኤንኤስኤፍ የተባለ ፕሮቲን አጥርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ይህ ፕሮቲን የሴክ18 አቻ መሆኑ ታወቀ፤ የእርሾው ፕሮቲን በእንስሳት ህዋስ ሙከራ ውስጥ ገብቶም ቦታውን ተክቶ ሠራ። በእርሾና በእንስሳ መካከል ካለው የዝምድና ርቀት አንጻር የሚያስገርም ነው።

ፕሮቲኑ ሲጎድል ያልተዋሃዱ ከረጢቶች ስለሚከማቹ፣ ሽፋኖችን የሚያዋህደው ራሱ ነው የሚለው ግምት ለጊዜው አሳማኝ ነበር። የተጓዦች መታጎሪያ ግን ሁልጊዜ የብልሽቱ ቦታ አይደለም። ሽፋኖቹን ስቦ የሚያገናኘው ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ መገመድ ነው። ከውህደቱ በኋላ ስኔሮቹ እንደተገመዱ ይቀራሉ፤ ሹሩባ ካልተፈታ እንደገና እንደማይሠራ ሁሉ፣ እነሱም ካልተፈቱ ለሚቀጥለው ጉዞ አይሆኑም። ሴክ17 የተባለው ረዳት ግምዱን ሲይዝ፣ የሴክ18 ቀለበት ኤቲፒ ከተባለው የህዋስ ነዳጅ በሚያገኘው ኃይል ይፈታዋል። በዊልያም ዊክነር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1996 በእርሾ ቫኪዩሎች ላይ የተደረገው ምርመራም ሴክ18 የሚያስፈልገው ቫኪዩሎቹ ገና ሳይጣበቁ መሆኑን አሳየ። ከረጢቶቹ የሚከማቹት እንግዲህ ነጻ ስኔር ስላለቀባቸው ነው።

ዛሬም አንድ ጂን በፕሮቲን ጉዞ ተጠርጥሮ ሲመረመር፣ ከጄሉ ዓምዶች አንዱ ለተበላሸው ሴክ18 ይተዋል፤ የአዲሱ ናሙና መስመር ከእሱ ጋር እኩል 67 ላይ ቆሞ እንደሆነ ይታያል።