የጠፍር አልጋና የዳሌ ወለል

ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ኩየራን ስናልፍ፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን አዝለው ጎንበስ ብለው የሚጓዙ እናቶችን እናያለን። የባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ግራም ነው፤ ክብደቱም ወደ 200 ኒውተን ይጠጋል። ለመሆኑ ይህ ጭነት የሚያርፈው በጀርባ ላይ ብቻ ነውን? ሐኪሞች ባንሆንም፣ ጥያቄው ፊዚክስንም ስለሚመለከት በዚህ አጭር ጽሑፍ እናየዋለን።

የዳሌ አጥንት ከሥሩ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው። ክፍቱን የሚሸፍነው የጡንቻና የጅማት ንጣፍ የዳሌ ወለል ይባላል። አጥንቱን በአልጋ እንጨት ብንመስለው፣ የዳሌ ወለል በእንጨቱ ላይ የተወጠረው ጠፍር ነው። የሽንት ፊኛ፣ ማህፀንና የትልቁ አንጀት መጨረሻ በእርሱ ይደገፋሉ።

ሸክም ስናነሳም ሆነ ስናስል የሆድ ጡንቻዎች ስለሚኮማተሩ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተጨመረ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። አብዛኛው የሆድ ክፍል ውኃ በመሆኑ ለዚህ ሕግ ይቀርባል፤ ስለዚህ ግፊቱ የዳሌውን ወለል ወደ ታች ይገፋዋል።

ወለሉን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈትነው ግን ወሊድ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮምፒውተር ስሌት፣ ሕፃኑ ሲያልፍ ከጡንቻው አንዱ ክፍል ከወትሮ ርዝመቱ ከ3 እጥፍ በላይ እንደሚለጠጥ አሳይቷል። የተጎዳ ወለል በየዕለቱ ሸክም ሲደጋገምበት፣ እንደ አሮጌ ጠፍር እየረገበ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ሽንት ያመልጣል፤ ማህፀንም ወደ ታች ይወርዳል።

በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው የዳባት ወረዳ ጥናት፣ ችግሩ እንዳለባቸው ከተናገሩት ሴቶች ይልቅ በምርመራ የአካል መውረድ የታየባቸው እጅግ ይበዙ ነበር። በቀን ለብዙ ሰዓት ከባድ ዕቃ መሸከምና የተራዘመ ምጥም ከችግሩ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ከሴቶቹ ከፊሎቹ ገና ሕመም ያልተሰማቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ኀፍረት አፍ እንደሚያዘጋ አይዘነጋም። ሽንቷ የሚያመልጣት እናት ከገበያ፣ ከጸሎት ቤት፣ ከጎረቤት ቡናም ትቀራለች። ሕመሙን እንደ እርግማን ቆጥራ ዓመታት የምታሳልፍም አለች።

ይህ ችግር ከፌስቱላ ይለያል። ፌስቱላ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ የሚፈጠር ቀዳዳ ሲሆን፣ ይህኛው የድጋፍ መላላት ነው። ሁለቱም ግን ይታከማሉ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጡንቻን እየጨበጡ የመልቀቅ ልምምድ ቀላል ለሆነው ደረጃ ይረዳል። ለባሰው ደግሞ ፔሳሪ የተባለ የድጋፍ ቀለበትና ቀዶ ሕክምና አሉ። ከሐዋሳ በስተደቡብ በይርጋዓለም የሚገኘው የሐምሊን ማዕከል ለፌስቱላ ሕክምና የተቋቋመ ሲሆን፣ የሐምሊን ሆስፒታሎች የማህፀን መውጣትንም ያክማሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ የረገበ ጠፍር ቢጠገን ማንም አያፍርም። እናቶቻችንንም ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እናበረታታ፤ ከወለዱም በኋላ ጀሪካኑን እኛ እንሸከም፤ ጋሪ ካለም ጋሪ ላይ እንጫነው።