ቤትን ለነዳያን መተው፦ ከቃል ኑዛዜ እስከ ዘላቂ በጎ አድራጎት ስጦታ

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጫንጮ፣ እንዲሁም በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ፣ ልጅ ያልወለዱ ወይም ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ አረጋውያን የንስሐ አባታቸውን «ይህ ቤቴ ከእኔ በኋላ ለነዳያን ይሁንልኝ» ብለው መማጠናቸው የተለመደ ነው። አሳቡ የተቀደሰ ነው። የመሬት ዋጋ በናረባቸው በእነዚህ ከተሞች ግን በቃል ብቻ የቀረ አደራ ከቀብሩ ማግሥት የዘመድ ሙግት ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን የሚቀበለው በጠባቡ ነው፦ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ለካህን በጆሮ የተነገረ ቤት፣ ካህኑ የቱንም ያህል የታመኑ ቢሆኑ፣ በፍርድ ቤት አይጸናም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሰፍሮ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ልጆች ካሉም ያለ በቂ ምክንያት ከውርስ እንደማይነቀሉ ማወቅ ይገባል። የራስን ልጅ አስለቅሶ ድኃን ማብላት ምጽዋት መባሉም ያጠራጥራል።

አባቶቻችን ለገዳማት የተሰጠውን ርስትና ጉልት በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ያጽፉ ነበር፤ የሚነጥቀውንም ያወግዙ ነበር። ስጦታን በጽሑፍ ማጽናት እንግዲህ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተዘረዘሩት አደረጃጀቶች ሁለቱ ለዚህ ጉዳይ ይቀርባሉ። አንደኛው ዘላቂ በጎ አድራጎት ስጦታ ነው፦ ንብረቱ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ለበጎ ተግባር ብቻ ለዘለዓለም ይለያል፤ ሰጪው ተመልሶ ሊወስደው አይችልም። ሁለተኛው የበጎ አድራጎት አደራ ሲሆን፣ ንብረቱን ባለአደራዎች በመመሥረቻው ሰነድ ትእዛዝ መሠረት ያስተዳድሩታል። ማስተዋል የሚያሻው «ተመልሶ አይወሰድም» የሚለው ነው። ዛሬ ቤታቸውን የሰጡ እናት ነገ ታመው ለመታከሚያ ሊሸጡት ቢሹ መንገድ የላቸውም። በኑዛዜ የሚሰጥ ግን እስከ ዕለተ ሞት ሊሻር ይችላልና፣ ሌላ መጦሪያ ለሌለው ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ ለቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የተሰጠ ቤት የቤተ ክርስቲያን ሀብት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ካቋቋመች ግን ድርጅቱ ይመዘገባል። በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ድርጅት ጉዳዩ በክልሉ ሕግ ይታያል፤ ከአንድ ክልል በላይ ወይም በአዲስ አበባ የሚቋቋም ከሆነ በፌዴራሉ ባለሥልጣን ይመዘገባል። በፌዴራሉ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሐዋርያት ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ዲያቆናትን መሾማቸውን ያስታወሰ ምእመን፣ ሒሳብ የሚያውቁና የሚታመኑ ሰዎችን ለቦርድ መምረጥ ከመንፈሳዊ አገልግሎት ውጭ ነው አይልም።

ስለ መሬትም አንድ ቃል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሰጠው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። በዙሪያው ያለ አርሶ አደር የእርሻ ይዞታውን እንደ ከተማ ቤት ለድርጅት ሊያወርስ አይችልም፤ ላሙን፣ እህሉንና የድርቆሹን ሽያጭ ገንዘብ ግን መስጠት ይችላል።

ሀብት የሌለው ሰውም ሊጀምር ይችላል። በሰላሌ የተወለዱት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሼን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሲሄዱ የያዙት ዳቦና ጠበል ነበር። በረኃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ቤታቸው በልጆች ሲሞላ ትዳራቸው እስከ መፍረስ ደረሰ። ሥራቸው ግን በኋላ ሕጋዊ ድርጅት ሆኖ ተመዘገበ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉም ሕፃናቱ የሚጠለሉበት ድርጅት በስማቸው ቆሞ ነበር።