የተራራ ብስክሌት ማርሽ እንዲለሰልስ አስቀድሞ ምን መግዛት ይገባል

በከተማችን ብስክሌት ለወጣቶች የመዝናኛና የጤና መሣሪያ ከሆነ ወዲህ፤ በየቤተ ሰቡ ስለ ብስክሌት ዕቃ መነጋገር የተለመደ ሆኗል። ልጅ አባቱን፦ «አባባ፤ ማርሹ አልገባ ብሎኛልና አዲስ ይግዙልኝ» ባለው ጊዜ፤ አባት ነገሩን ሳይመረምር ወይ ሁሉን ይከለክላል፤ ወይ ሁሉን ይገዛል። በሁለቱም ጉዳት አለ። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ያልነውን ባጭሩ እንጽፋለን።

ነገሩ የቅንጦት ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት፤ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚወጣውን ዳገት ማሰብ ይበቃል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት ይህ ማዕከል፤ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በእንደዚህ ያለ ቦታ ትንፋሽ ያጥራል፤ እግርም በኃይል ይረግጣል። በዚያን ጊዜ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ቢያመልጥ፤ የነጂው እግር በባዶ ወርዶ ራሱ ከነብስክሌቱ ይወድቃል።

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፤ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ማርሽ የምንለው፤ ከፔዳሉ ጋራ የሚዞረው የፊት ጥርሳም ክብ፤ በኋላ ጎማ ላይ በየመጠናቸው የተደረደሩት ክቦች፤ እነዚህን የሚያገናኘው ሰንሰለት፤ ሰንሰለቱን ካንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ለዋጭ፤ በመሪው ላይ ያለው መቀየሪያና ለዋጩን የሚስበው ሽቦ በአንድነት ነው። ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም የተበላሹ ይመስላሉ።

በመጀመሪያ የሚመረመረው ሽቦው ነው። በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ገብቶ ሲዝግ፤ መቀየሪያው ቢታዘዝም ለዋጩ ይዘገያል። ሽቦና ቱቦ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ዋጋቸው ያነሰ ሲሆን፤ ጥቅማቸው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው፤ ለዋጩ የተንጠለጠለበት ትንሽ ብረት ነው። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ የወደቀ እንደ ሆነ ይህ ብረት ይጣመማል፤ እርሱ ሳይቃና አዲስ ለዋጭ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ሦስተኛው ሰንሰለቱ ነው። በአዲስ ሰንሰለት ከአንዱ ምስማር እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፤ 24 ርቀት ሲለካ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአገልግሎት ብዛት ምስማሮቹ ሲበሉ ሰንሰለቱ ይረዝማል። በኋላው 11 ወይም 12 ክብ ባለው ብስክሌት፤ ልኩ 306.3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይገባል፤ ክቦቹ 10 ወይም ከዚያ ያነሱ ቢሆኑ እስከ 307 ያህል ሊታገሡት ይቻላል። ለዚህ የተሠራ መለኪያ በባለሙያዎች ዘንድ ይገኛል። ሰንሰለቱን በጊዜው ያልለወጠ ሰው ጥርሶቹን ያስበላል፤ በተበላ ጥርስ ላይም አዲስ ሰንሰለት ስለሚዘል፤ አንድ ዕቃ መግዛት ሲበቃው ሁለት ይገዛል።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ማርሹ ያልለሰለሰ እንደ ሆነ፤ ያን ጊዜ ስለ አዲስ ዕቃ ይታሰብ። ዛሬ የተወደደው ዓይነት በፊት አንድ ክብ፤ በኋላ 12 ክብ ያለው ነው። ነገር ግን ዳገት በማውጣት ከቀድሞው እጅግ የሚበልጥ አይምሰላችሁ። ፊቱ 32 ጥርስ፤ የኋላው ትልቁ ክብ 51 ጥርስ ቢሆን፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 0.63 ያህል ይዞራል። በቀድሞው ባለ ሦስት ክብ ብስክሌት ደግሞ ፊቱ 22፤ የኋላው 34 ቢሆን፤ ጎማው 0.65 ያህል ይዞራል። ልዩነቱ ጥቂት ነው። የአዲሱ እውነተኛ ጥቅም፤ የፊቱን ለዋጭ ማስቀረቱና የኋላው ለዋጭ ሰንሰለቱን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በድንጋያማ ቁልቁለት እንዳይዘል ማድረጉ ነው።

ሲገዙም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጃፓኑ ሺማኖ በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ መቀየሪያው ሽቦውን በተወሰነ ልክ እየሳበ የሚያቆምበትን ሥራ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፤ መቀየሪያና ለዋጭ በልክ የተጋቡ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የሺማኖን መቀየሪያ ከአሜሪካው ስራም ለዋጭ ጋራ ቢያገናኙት ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ደግሞም ትንሹ ክባቸው 10 ጥርስ የሆኑ የኋላ ክቦች በቀድሞው የጎማ እምብርት ላይ አይገቡምና፤ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው። ውድ የሆኑት የኋላ ክቦች በአብዛኛው የሚወደዱት ክብደታቸው ስለ ቀለለ እንጂ ማርሹን እጅግ ስለሚያለሰልሱ አይደለም። ገንዘቡ ለጥቂት ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፤ ለደህና መቀየሪያና ለሰንሰለት ቢውል ይሻላል።

የነጂውም ጠባይ ከዕቃው አያንስም። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አስቀድሞ ማቅለል፤ በሚቀየርበትም ቅጽበት የእግርን ኃይል መቀነስ ይገባል። ወደ ማዕከሉ የሚገባም ሰው፤ በብስክሌት መሄድ የሚፈቀድበትን መንገድ ከጠባቂዎቹ ይጠይቅ፤ ችግኝም አይርገጥ።

እንግዲህ አባቶች ልጆቻችሁ ዕቃ በጠየቋችሁ ጊዜ፤ ከመከልከልም ከመግዛትም በፊት፤ ብስክሌቱን ከልጁ ጋራ ሆናችሁ ሽቦውን፤ ብረቱንና ሰንሰለቱን በተራ ተመልከቱ። ገንዘባችሁ ይተርፋል፤ ልጁም ከመውደቅ ይድናል፤ ነገርን መርምሮ መፍረድንም ከአባቱ ይማራል።