ሰርቨሩ ቦታ ሲያጣ
የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። የንባብ ስህተትን ለመለየት እያንዳንዱ ፊደል በተለምዶ በአማካይ 30 ጊዜ ይነበባል። ስለዚህ ከአንድ ሰው የሚገኘው ጥሬ መረጃ ተጨምቆም በአሥርት ጊጋባይቶች ይቆጠራል። ትንተናው ሲጀመር ደግሞ በየደረጃው ሌሎች ግዙፍ ፋይሎች ይፈጠራሉ።

በአማዞን ክላውድ ላይ ጋላክሲ የተባለውን የትንተና ሶፍትዌር የሚጠቀም ተመራማሪ ሥራው በድንገት የሚቋረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዲስኩ ይሞላል።

በቅድሚያ የሞላው የትኛው ዲስክ እንደሆነ ይለያል። ሰርቨሩ በሚሠራበት በሊኑክስ «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ዲስክ ቀሪ ቦታ ያሳያል፤ «ዲዩ» ደግሞ ቦታውን የያዘውን ፎልደር ይጠቁማል።

ፋይል መሰረዝ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጋላክሲ ላይ የተሰረዘ ፋይል መጀመሪያ ከዕይታ ብቻ ይሰወራል፤ ቦታው የሚለቀቀው በቋሚነት ሲወገድ ነው። በሊኑክስም አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሰረዝ፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይመለስም።

ዲስኩን ማስፋትም ይቻላል፤ የአማዞን ዲስክ ሰርቨሩ ሳይቆም ይሰፋል። ሆኖም የፋይል ሥርዓቱ አብሮ ካልሰፋ ሊኑክስ አዲሱን ቦታ አይጠቀምበትም። የሰፋውን ዲስክ መልሶ ማሳነስ ስለማይቻልና ኪራዩ በመጠኑ ስለሚታሰብ፣ ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጽዳት ይቀድማል። ጥሬው መረጃ ግን ሌላ ቦታ ቅጂው መኖሩ ሳይረጋገጥ ፈጽሞ መነካት የለበትም።