ሐሙስ የሚውለውን እንቁጣጣሽ ቅዳሜ እናከብረዋለን

አገር ቤት ያሉ ወላጆች በእንቁጣጣሽ ከውጭ ልጅ ሲደወልላቸው የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «እንጀራ አገኛችሁ? ዶሮ ሠራችሁ? ከማን ጋር ዋላችሁ?» ይላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልሱ ቀላል ነው። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፤ በርበሬውም ኮረሪማውም አይጠፋም። ከባዱ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ዕቃ በገንዘብ ይገኛል፤ አብሮ የሚውል ሰው ግን በአንድ ቀን አይገኝም።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ይውላል። ሐሙስ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ልጆችም ትምህርት ጀምረዋል። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ፣ አምስት ቤተሰብ ሆነን፣ እንደ ልማዳችን በዓሉን ወደ ቅዳሜ መስከረም 3 አሻግረነዋል። አምና በዓሉ ረቡዕ ስለዋለ ማሻገራችን ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ረቡዕን የሚጾሙት ሳይሳቀቁ ዶሮውን በሉ።

የዋዜማውን ሌሊት ግን አናሻግረውም። በመስከረም የእኛ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሆኖ ሲነጋ እኛ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነን። ልጆቹ ቢተኙም እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን እንጠብቅና እናቴ ጋ እንደውላለን። ለእኛ አዲሱ ዓመት የሚገባው እሷ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትል ነው።

ጓደኛ እንዴት ዘመድ ይሆናል

አምስታችንም ቤተሰብ በሥጋ አንዛመድም። አንደኛዋን ያገኘኋት በፊት እንኖርበት በነበረው ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለማሽኑ የሚሆን ሳንቲም ጎድሏት ሰጠኋትና ወሬ ጀመርን። አንደኛው ከባለቤቴ ጋር መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ይሠራ ነበር። ሌላው ያኔ ታክሲ ነጂ ነበር። አንደኛዋ ጓደኛችን ደግሞ የደሴ ልጅ ናት፤ ሙስሊም ናት። ለበዓሉ የራሷን ወጥ ሠርታ ትመጣለች፤ ገበታው ላይ የእስላሙና የክርስቲያኑ ድስት ጎን ለጎን ይቀመጣል። «ዓመቱ የሚለወጠው ለሁላችንም ነው፤ እኛ ወሎ ያደግነው እንዲህ ነው» ትላለች።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን አባባል ልጅ ሆኜ ስሰማው ኖሬያለሁ። በደንብ የገባኝ ግን እዚህ ነው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ትልቋን ትምህርት ቤት ያደረሱልኝ እነሱ ናቸው። አባቴ በነሐሴ ወር ያረፈ ጊዜም ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ነበር። ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ሳያቸው መርዶውን በቃል መንገር አላስፈለጋቸውም። ሦስት ሌሊት ሳሎናችን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ፤ ከዚያው እየተነሡ ወደ ሥራ ሄዱ።

በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ሲደርስ በዓል የማክበር ልብ አልነበረኝም። እነሱ ግን ምግቡን ቤታቸው ሠርተው ይዘው መጡ። ዘፈን አልነበረም፤ ቡና ተፈላ፣ ልጆቹ በሉ፣ ስለ አባቴ ተጨዋወትን። ሊሄዱ ሲነሡ የደሴዋ ጓደኛዬ «ዓመቱ ያለ ሰው እንዳይገባብሽ ብለን ነው» አለችኝ።

የሜሪላንድ አደይ

እኛ ስናድግ በዓልን ያስተማረን ሰፈሩ ነው። የቡናው ሽታ፣ የበጉ ድምፅ፣ በየደጁ የሚዘፍኑት ልጆች ሳንጠይቅ ይነግሩን ነበር። የእኛ ልጆች ግን ሐሙስ ጠዋት በር ከፍተው ሲወጡ መንገዱ እንደ ሌላው ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ሰፈሩን እኛው መሥራት አለብን። ዋናው ዘዴያችን ልጆቹን እንግዳ አለማድረግ ነው፤ ሁሉም ሥራ አለው።

ለምሳሌ የዶሮው ሥራ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ዶሮ የሚታየው ተቆራርጦ፣ እግሩ ለብቻ፣ ክንፉ ለብቻ ታሽጎ ነው። እኛ ሙሉውን ዶሮ እንገዛና ሴቶቹንም ወንዶቹንም ልጆች ጠረጴዛ ዙሪያ እናስቀምጣለን። ፈረሰኛው የቱ እንደሆነ፣ መላላጫው የት እንዳለ እያሳየን አሥራ ሁለቱን ብልት እናስቆጥራቸዋለን። ሽንኩርቱን እየተፈራረቁ ያማስላሉ። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ ከሥሩ ቆሞ በጋዜጣ የሚያራግብም ተረኛ አለ።

ቄጤማ ስለማናገኝ ጓሮ ያለው ጓደኛችን ሣሩን ሳያጭድ ያቆይልናል፤ ጠዋት ታጭዶ ቤት ውስጥ ይጎዘጎዛል። አደይ አበባም እዚህ የለም። ነገር ግን ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ምልክት የሆነ፣ ቢጫ ቅጠሎቹ መካከል ጥቁር ዓይን ያለው «ብላክ አይድ ሱዛን» የሚባል አበባ አለ። በክረምቱ መጨረሻም በየአጥሩ ሥር ይታያል። ልጆቹ «የሜሪላንድ አደይ» ብለውታል። እኛ ትልልቆቹ ልዩነቱን ብናውቅም አናርማቸውም።

ሴቶቹ ልጆች ያንን አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይዘፍናሉ። ግጥሙ በየመሃሉ ይጠፋባቸዋል፤ ጭብጨባው ግን አይጠፋም። ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለየአንዳንዱ አዋቂ ያድላሉ፤ እኛም አንድ አንድ ዶላር እንሰጣለን። አምና አንዱ ልጅ የሣለው በአበባ የተሸፈነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። እሱ በመስከረም የሚያየው ቢጫ ነገር እሱ ነው። ሥዕሉ እስካሁን ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል።

ልጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ ግን ቀላል አይደለም። በኒው ዮርክ መንትዮቹ ሕንፃዎች፣ እዚሁ አጠገባችን ደግሞ ፔንታጎን በተጠለፉ አውሮፕላኖች የተመቱት መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ በዚያ ዕለት ባንዲራ ዝቅ ብሎ ይውላል። ከልጆቻችን አንዱ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ «መምህሬ ዛሬ የሐዘን ቀን ነው ብላለች፤ እኛ ለምን ደስ ይለናል?» ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት በዚያ ዕለት ታክሲ እየነዳ የፔንታጎንን ጭስ በዓይኑ ያየው ጓደኛችን ነው። «የዚያን ዕለት እኛም ዶሯችንን አልበላንም፤ ከዚህ አገር ሰው ጋር አብረን አልቅሰናል። ሐዘኑም በዓሉም ያንተ ነው። መጀመሪያ የሞቱትን እናስባለን፣ ከዚያ ዓመቱን እንቀበላለን» አለው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበታ ላይ ከመቀመጣችን በፊት ለአፍታ በዝምታ እንቆማለን። ይህን የምናስታውሰው እኛ ሳንሆን ልጆቹ ናቸው።

በስልክ የሚመጣ ምርቃት

ሁሉን ነገር ስናሟላ አንድ የሚጎድለን ነበር፤ መራቂ ሽማግሌ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ መርቅ ሲሉት ያፍራል። መፍትሔው እናቴ ሆነች። በእኛ 7 ሰዓት ላይ ምሳ ሲቀርብ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። እናቴ አሥራ አንዱንም ልጆች በየስማቸው እየጠራች ትመርቃለች። ብዙዎቹን በአካል አይታቸው አታውቅም። ስማቸውን ግን ወረቀት ላይ አስጽፋ ከጸሎት መጽሐፏ ጋር አስቀምጣለች፤ አዲስ ልጅ ሲወለድም ይጨመራል። አማርኛ የማይናገሩት ልጆች ሳይቀሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» ይላሉ።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ አያቶች ይህን ብታውቁልን ደስ ይለኛል። የልጅ ልጃችሁ ስልኩን ሲይዝ አማርኛውን አትፈትኑት። «ለምን አትናገርም?» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ሲደወል ወደ ክፍሉ ይገባል። እሱ ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማው ይበልጣል፤ ስለዚህ ስሙን ጠርታችሁ መርቁት። አባቱ ወይም እናቱ በእሱ ዕድሜ እንቁጣጣሽን እንዴት ያሳልፉ እንደነበር አንዲት አጭር ታሪክ ንገሩት። በዓሉ በዕለቱ ካልተከበረ የሚሰበሰቡት መቼ እንደሆነ ጠይቁና በዚያ ሰዓት ጠብቋቸው። ልጃችሁ አብሯቸው የሚውላቸውን ጓደኞች ስምም እወቁ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው።

እንደ እኔ በሰው አገር ልጅ ለምታሳድጉ ደግሞ፣ ትልቅ አዳራሽና ብዙ ሕዝብ እስኪገኝ አትጠብቁ። ሁለት ቤተሰብ ይበቃል። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆንም፣ ወጡ ሽሮ ቢሆንም፣ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ይደረግ። ልጅ የሚይዘው የተደጋገመውን ነው።

ዘንድሮ ከልጆቻችን ትልቋ በነሐሴ ወደ ሌላ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከእኛ ጋር የማትውልበት የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ የጠየቀችኝ የአያትየው ምርቃት በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ነው። ቅዳሜ ለክፍል ጓደኞቿ ሽሮ ልትሠራ ነው፤ በስልኩም አብረውን ሊገቡ አስበዋል። ለእናቴ ስነግራት የሁለቱን ልጆች ስም ጠየቀችኝና «እንግዲህ ስድስት ቤት ሆኑልኝ» አለች።

እግዚአብሔር ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም ያሸጋግራችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!